የሰመር የናኖቴክኖሎጂ ምርምር፦ «ገና አልደረስኩም» ለሚሉ ተማሪዎች

ወርቅ ቀይ ሊሆን እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት በ22 ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ላብራቶሪ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ጥቂት የወርቅ ጨው የሟሟበት ፈዛዛ ቢጫ ውኃ በብርጭቆ ዕቃ ማሞቂያ ላይ ተጥዶ ይፈላል፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ የማግኔት ዘንግ እየተሽከረከረች ታማስለዋለች። የምታሠለጥነኝ የዶክትሬት ተማሪ በውኃ የሟሟ ሲትሬት የተባለ ኬሚካል ፒፔት በሚባል የመለኪያ ቱቦ መጥና አቀበለችኝና እኔው ራሴ እንድጨምረው ነገረችኝ። ጨመርኩት። ቢጫው ጠፋና ፈሳሹ እንደ ውኃ ጠራ፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ግራጫ ሆነ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ቀይ ወይን ጠጅ መሰለ። ስፋታቸው ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር የሚሆን፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ የሚያንሱ የወርቅ ቅንጣቶች ሠርቼ ነበር፤ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፣ ናኖቴክኖሎጂም በዚህ መጠን ካሉ ነገሮች ጋር የሚሠራ ሙያ ነው። ከዚያ ፈሳሽ ትንሽ ወስደን የምግብ ጨው ስንጨምርበት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ጨው ቅንጣቶቹን አራርቆ የሚይዛቸውን የኤሌክትሪክ ግፊት ስለሚሸፍነው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር። በወርቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ስለሚወዛወዙ ትንንሾቹ ቅንጣቶች አረንጓዴውን ብርሃን ይውጡታል፣ ለዓይናችን የሚተርፈውም ቀዩ ነው። ቅንጣቶቹ ሲጣበቁ ደግሞ የሚውጡት የብርሃን ዓይነት ይለወጣል። በብዙዎቹ የቤት ውስጥ የእርግዝናና የኮቪድ መመርመሪያዎች ላይ የምናየው ቀይ መስመርም ከእንዲህ ዓይነት የወርቅ ቅንጣት የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እዚያው ማሞቂያው አጠገብ ቆማ ነው፤ እኔም የዚያን ዕለት ማታ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ወደዚያ ላብራቶሪ የደረስኩት ግን በአቋራጭ አልነበረም። በአሜሪካ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ ማታ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። ለሰመር ምርምር ማመልከት እንደምፈልግ ለአንድ የትምህርት አማካሪ ሳማክር፣ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩና ቀድሞም ላብራቶሪ ለሚያውቁ ልጆች እንደሆኑ ነግሮኝ መለሰኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አምኜ ተቀመጥኩ። በዓመቱ የኬሚስትሪ መምህሬ ማስታወቂያውን አትማ ሰጠችኝና፣ የተጻፈውን ስናነበው በትክክል የእኔን ዓይነት ተማሪ ይፈልግ ነበር። ዛሬ በናኖ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራና በየዓመቱ የተማሪዎችን ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ስሆን፣ ያ አማካሪ የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ በሚገባ ይገባኛል። እነዚህ ፕሮግራሞች የተዘጋጁት ምርምር ለሚያውቁ ሳይሆን ምርምር የሚሠራበት ቦታ ላላገኙ ተማሪዎች ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም የእኛ ልጆች «ገና አልደረስኩም» እያሉ ማመልከቻውን ሳይከፍቱት ሲቀሩ በየዓመቱ ስለማይ ነው።

መሠረቱን ልንገራችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ «የምርምር ልምድ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች» የሚል ትርጉም ያለው፣ በምኅጻረ ቃሉ አርኢዩ የሚባል መርሐ ግብር አለው። ፋውንዴሽኑ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ በአብዛኛው አሥር ያህል ተማሪዎችን ተቀብለው ለ10 ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ከአንድ ፕሮፌሰር የምርምር ቡድን ጋር ያሠማራሉ። ተማሪው አይከፍልም፤ ይከፈለዋል እንጂ። አበሉ በቅርብ ዓመታት በሳምንት ከ600 እስከ 700 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማደሪያና የመጓጓዣ ወጪ ጨምረው ይሸፍናሉ። አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ተማሪዎች ብቻ እንዳይሰበስብ፣ ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ከውጭ እንዲመጡ፣ በተለይም በትምህርት ቤታቸው የምርምር ዕድል ከሌላቸው ተማሪዎች እንዲሆኑ ፋውንዴሽኑ ይጠይቃል፤ የሁለት ዓመት ኮሌጆች በስም ተጠቅሰው ይገኛሉ። ስለዚህ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ መሆን በማመልከቻው ላይ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ልምድ የለኝም ብሎ የጻፈ ተማሪ ማመልከቻ ሳነብ፣ ይህ ቦታ ለማን እንደተዘጋጀ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው።

ስለ ብዝኃነት ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ በማኅበረሰባችን ውስጥ ሁለት ዓይነት የተሳሳተ ወሬ ስለምሰማ። አንዳንዱ ቦታው ለጥቁር ወይም ለስደተኛ ልጅ በኮታ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ሁሉም ለነጭ ልጆች ተይዟል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መስፈርቱን የሚያሟላ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል፤ ብዝኃነቱ የሚታየው ፕሮግራሞቹ ተማሪ ፍለጋ በሚሄዱበት ቦታ ላይ ነው። በታሪክ የጥቁሮች ወደሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፣ ወደ ገጠር ኮሌጆች፣ ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ወደገቡት፣ ከውትድርና ወደተመለሱት ይሄዳሉ። ይህም ለሳይንሱ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ከአንድ ዓይነት ቤት የወጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋግማሉና።

በናኖቴክኖሎጂ በኩል ይህ በር በተለይ ሰፊ የሆነበት ምክንያት አለ። የናኖ መሣሪያ ውድ ነው፤ በኤሌክትሮን ጨረር ንድፍ የሚጽፍ አንድ መሣሪያ ብቻውን ሚሊዮኖች ዶላር ያወጣል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮፌሰር የራሱን መግዛት አይችልም። በዚህ ምክንያት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ መሣሪያዎቹ በጋራ መገልገያ ማዕከላት ተሰብስበው ለሁሉም ተከፍተዋል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ ጀመረ፤ በ1994 ኮርኔል፣ ስታንፎርድ፣ ፔን ስቴት፣ በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ መረብ መሠረቱ። ሃዋርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 የተመሠረተው የዋሽንግተኑ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ አንዱ መሆኑ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። መረቡ በ2004 ሰፋ፣ በ2015 ደግሞ ብሔራዊ የተቀናጀ የናኖቴክኖሎጂ መሠረተ ልማት በሚል ስም 16 ማዕከላትን ይዞ እንደገና ተዋቀረ፣ በ2020ም ለሌላ አምስት ዓመት ታደሰ።

ካርታውን ብትዘረጉት የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች ከማዕከላቱ ብዙም አይርቁም። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በሚኒያፖሊስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በአትላንታ ጆርጂያ ቴክ አሉ፤ ጆርጂያ ቴክ ደግሞ ከኖርዝ ካሮላይናው የናኖሳይንስና የናኖኢንጂነሪንግ የጋራ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ማዕከል ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ይህን ትምህርት ቤት የመሠረቱት በታሪክ የጥቁሮች የሆነው ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ እና በግሪንስቦሮ የሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በቺካጎ አካባቢ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዲስ አበባ የተወለዱት፣ በጠጣር አሲድ ላይ በሚሠሩ የነዳጅ ሴሎች (ነዳጅን ሳያቃጥሉ ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ መሣሪያዎች) ምርምራቸው የታወቁት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ የሚያስተምሩበት ነው። በሰመር መጨረሻ በየማዕከሉ የነበሩ ተማሪዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሥራቸውን ለእርስ በርሳቸው የሚያቀርቡበት ጉባኤም ነበር፤ ከራሳቸው ፕሮጀክት ውጭ ያለውን ዓለም የሚያዩት፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ መሰላቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው።

ከዩኒቨርሲቲዎቹ ውጭም በር አለ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ዋና ግቢ ሜሪላንድ ጌይተርስበርግ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት የሰመር የተማሪዎች መርሐ ግብር ሲያካሂድ የቆየ ሲሆን ግቢው ውስጥ የራሱ የናኖ መሥሪያ ማዕከል አለው። የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ብሔራዊ ላብራቶሪዎች ሁለት መንገድ አላቸው፦ አንዱ ለአራት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎችም ጭምር፣ ሌላው ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ውድድሩም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ብቻ ስለሆነ በተለይ እመክረዋለሁ። በትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ በሉዊስ ስቶክስ ወይም በሮናልድ ማክኔር ስም የሚጠራ ቢሮ መኖሩን ጠይቁ። በስቶክስ ስም የሚጠራው በሳይንስ ዘርፍ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰቦች የመጡ ተማሪዎችን ይደግፋል። ማክኔር እ.ኤ.አ. በ1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ የሞተው ጥቁር አሜሪካዊ የሌዘር ፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በስሙ የተሰየመው ፕሮግራም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የመጀመሪያ ትውልድ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለዶክትሬት ያዘጋጃል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ጉዳይ ልምጣ፣ ስለ ወረቀት። ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በሚመጣ የአርኢዩ ገንዘብ አበል ሊከፈለው የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ተማሪ ነው። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርዱን ከያዘበት ቀን ጀምሮ እንደማንኛውም ተማሪ ማመልከት ይችላል፤ ዜግነት እስኪያገኝ አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ይህን ባለማወቅ ዕድሉን ያሳለፉ ልጆች አጋጥመውኛል። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ የጥገኝነት ጥያቄው ገና በሒደት ላይ የሆነ፣ ወይም በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ተማሪ ግን በዚህ ገንዘብ ሊታቀፍ አይችልም። ይህ ደንብ ያሳዝነኛል፤ ጎበዝ ልጆች ፊት በሩ ሲዘጋ አይቻለሁና። ቢሆንም መንገዱ እዚያ ላይ አያልቅም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ገንዘብ የሚያካሂዱት የሰመር ፕሮግራም አላቸው፣ አንዳንድ ፕሮፌሰሮችም ከሌላ ምንጭ የሚከፍሉበት አቅም ይኖራቸዋል። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ክፍያ ከመቀበሉ በፊት የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መጠየቅ አለበት። የጓደኛ ምክር እዚህ ላይ አይበቃም።

ከገባችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁን ልንገራችሁ፣ ማስታወቂያዎቹ ይህን አይጽፉትምና። የናኖ ሥራ ብዙው የሚሠራው ክሊን ሩም በሚባል፣ አየሩ ሌት ተቀን በሚጣራ ክፍል ነው። በተለመደው የአለካክ ስም መቶኛ ደረጃ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ኪዩቢክ ጫማ አየር ውስጥ ስፋታቸው ግማሽ ማይክሮሜትር (500 ናኖሜትር) እና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ100 መብለጥ የለባቸውም፤ እኛ በምንቀመጥበት ተራ ክፍል ግን በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። የብናኙ ዋና ምንጭ ሰው ነው፤ ቆዳችን፣ ፀጉራችን፣ ልብሳችን። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ከላይ ወደ ታች ትለብሳላችሁ፦ የፀጉር መረብ፣ የራስ ሽፋን፣ ሙሉ ቱታ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የእግር ሽፋን፣ መነጽር፣ በመጨረሻም የቱታውን እጅጌ የሚሸፍን ጓንት። ቱታው ወለል እንዳይነካ ሰብስባችሁ ይዛችሁ በአንድ እግር ቆማችሁ መልበስ አለባችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል።

በዚህ የመልበሻ ክፍል ውስጥ የብዝኃነት ጉዳይ ከወረቀት ወርዶ በእጅ የሚዳሰስ ይሆናል። የራስ ሽፋኑ ሲሰፋ የታሰበው ለስስ ፀጉር ነው። አንድ ዓመት ረጅም ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ሽፋኑ አልገባ ብሏት፣ ሌሎቹ ለብሰው ሲገቡ እሷ ብቻዋን መስተዋቱ ፊት ስትታገል አገኘኋት። ምንም አላለችም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሰፋ ያለ ሽፋን መጋዘን ውስጥ ነበረን፣ ያወጣው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ሳምንት ከመድረሱ በፊት ለሁሉም ተማሪ ስለ ልብስ ልክ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ራስ መሸፈኛ የሚጠይቅ አጭር መልእክት እልካለሁ። ሒጃብ የምታደርግ ተማሪ ብናኝ የማያወጣ ጨርቅ ከሽፋኑ ሥር እንድታደርግ አስቀድመን እናዘጋጃለን፤ ማተብ ከልብስ ሥር ስለሚቀር ማንንም አያስቸግርም። ተማሪ ለሆናችሁት የምለው፣ የሚያስፈልጋችሁን ነገር ከመምጣታችሁ በፊት ጻፉላቸው፤ ሸክም አይደለም፣ ለላብራቶሪው የሚጠቅም መረጃ ነው።

ከውስጥ ሲገባ ደግሞ ክፍሉ ቢጫ ነው። ሲሊከን ዌፈር በሚባለው ስስ ክብ ሳህን ላይ ንድፍ የሚወጣበት ፎቶሬዚስት የተባለው ሽፋን ለሰማያዊና ለአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚነቃ፣ መብራቱ ቢጫ ብቻ እንዲሆን ይደረጋል። ዌፈሩ በሚሽከረከር መያዣ ላይ ይቀመጣል፣ መሐሉ ላይ ጥቂት ፎቶሬዚስት ይንጠባጠባል፣ ከዚያ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ገደማ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ሲሽከረከር ፈሳሹ እኩል ስስ ሆኖ ይሳሳል፤ እየሳሳ ሲሄድ ውኃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ቀለማት ይሮጡበታል። ቀጥሎ በማሞቂያ ይጋገራል፣ ንድፍ ባለበት መስተዋት በኩል ብርሃን ይበራበታል፣ በኬሚካል ታጥቦ ንድፉ ይወጣል።

የእኔ ንድፍ ግን አይወጣም ነበር። በራሴ ሰመር አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ዌፈሩን ከማጠቢያው ሳወጣ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተላጥተው ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋሉ። የብርሃኑን ጊዜ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ ማጠቢያውን ቀየርኩ። በየሳምንቱ የቡድን ስብሰባ ላይ ሌሎቹ ውጤት ሲያሳዩ እኔ የተላጡ መስመሮች ፎቶ እያሳየሁ አንገቴን እደፋ ነበር፤ ምርጫው ስሕተት እንደሆነና በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ መምጣት እንደነበረበት አስብ ጀመር። በስድስተኛው ሳምንት የማስታወሻ ደብተሬን ከፊት ጀምሬ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። መስመሮቹ ያልተላጡባቸው ሁለት ቀናት ነበሩ፣ በሁለቱም ቀን ፎቶሬዚስቱን ከመቀባቴ በፊት ዌፈሩን ካጸዳሁ በኋላ ሌላ ሰው መሣሪያውን ይዞት ስለነበር ማሞቂያው ላይ ትቼው ጠብቄያለሁ። ነገሩ እርጥበት ነበር። የሲሊከን ኦክሳይድ ገጽ በዓይን የማይታይ የውኃ ሽፋን ይይዛል፣ ፎቶሬዚስቱም በደንብ አይጣበቅበትም፤ መፍትሔው ዌፈሩን ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ማድረቅና ማጣበቂያ የሚሆን ኬሚካል በትነት መቀባት ነው። በመስኩ ላሉ ሰዎች የታወቀ ነገር ነው፤ መመሪያዬ ላይ ግን አልተጻፈም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሰመሩ መጨረሻ ሥራዬን ያቀረብኩበት ፖስተር የታቀደውን መሣሪያ ሳይሆን ደረቅና እርጥብ ዌፈሮችን የሚያነጻጽር ሆነ። ፕሮፌሰሩ ቀጣይ ለሚመጡ ተማሪዎች መመሪያው ላይ ያንን እርምጃ እንድጽፍበት ጠየቁኝ፤ ከዚያ ሰመር ከወሰድኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ማመልከቻ ሳነብ የምፈልገው ይህንን ዓይነት ዓይን ነው። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» የሚል መግቢያ በደርዘን ይመጣል፣ ሰውየውን ግን አያሳየኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ያነበብኩትን አንድ ጽሑፍ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ተማሪው በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ ይሠራል። የመውጫው መዝጊያ ዘንግ ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ጊዜ አልነሣም እያለ መኪኖች ይሰለፋሉ፤ የሥራ ባልደረቦቹ መሣሪያው አርጅቷል ብለው ትተውታል። እሱ ግን ዘንጉ አልነሣም ያለበትን ሰዓት ሁሉ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሲጽፍ ከረመ። ደመና በሆነባቸው ቀናት ምንም እንደማይፈጠር፣ ፀሐይ በሆነባቸው ቀናት ደግሞ ሁሉም ከሰዓት በኋላ በፈረንጆቹ ሰዓት ከ4 እስከ 5 እንደሆነ አየ፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ መኪናውን የሚያየውን የብርሃን ዳሳሽ ፊት ለፊት ትመታዋለች። የካርቶን ጥላ ሠርቶ አንድ ሳምንት አደረገበት፣ አንድ ሳምንት አነሣው፣ ልዩነቱን ጻፈ። ይህ ልጅ ላብራቶሪ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ምርምር ግን ሠርቷል። የትምህርት ውጤቱ መካከለኛ ነበር፤ በምርጫው ላይ ከነበርነው አንዳችንም አልተከራከርንበትም። ከእናንተ ውስጥ የእናቱን የልብስ ስፌት መኪና የጠገነ፣ የታናሽ ወንድሙን የአስም መድኃኒት ሰዓት መዝግቦ ለሐኪም ያሳየ፣ በሥራ ቦታው አንድ ነገር ለምን እንደሚበላሽ የተከታተለ ካለ፣ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ከነቁጥሩ፣ ካልተሳካው ሙከራ ጋር።

ከጽሑፉ ይልቅ የእኛን ልጆች የሚጥላቸው የድጋፍ ደብዳቤው ነው፣ ምክንያቱም ይሉኝታ ነው። አንድ ወይም ሁለት መምህራን ስለ ተማሪው መጻፍ አለባቸው፣ መምህሩ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ሊጽፍለት አይችልም። ቤት ውስጥ አክባሪነት ተብሎ የተማርነው ዝምታ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ጥሩ ውጤት ይዞ መውጣት፣ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። መምህራኑ ለጥያቄ ብለው የሚመድቡት ሰዓት አላቸው፤ ያ ሰዓት የተማሪ መብት ነው፣ ደጅ መጥናት አያስፈልገውም። በመስከረም ጀምሮ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፣ በጥር ደብዳቤ ስትጠይቁ ማን እንደሆናችሁ ያውቃሉ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ባለው ጊዜ በራቸውን ስለሚዘጉ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ፤ ጥሩ የሠራችሁትን የላብራቶሪ ሪፖርትና የማመልከቻችሁን ረቂቅ አብራችሁ ስጧቸው። (ወራቱን የጠቀስኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) አንድ መምህር እምቢ ቢላችሁ ስድብ አይደለም፤ የማያውቃችሁ ሰው የሚጽፈው ደካማ ደብዳቤ ከዚያ የበለጠ ይጎዳል።

ቤተሰብን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ተመርጣ ሳለ ደውለውልኝ «ልጄ፣ ይሄ ሥራ ነው ወይስ ትምህርት?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁለቱም ነው እማማ፤ እየተከፈላት ትማራለች» አልኳቸው። ቀጥሎ የጠየቁኝ ማደሪያው ወንድና ሴት አንድ ላይ እንደሆነ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ሐኪም ለመሆን ይጠቅማት እንደሆነ። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ። ማደሪያው በክፍል እንደሚለያይና ጥያቄ ማቅረብ እንደሚቻል ነገርኳቸው፤ ስለ ሕክምናውም፣ የኮቪድ የኤምአርኤንኤ ክትባቶች መልእክታቸውን ወደ ሴል ያስገቡት 100 ናኖሜትር ገደማ በሆኑ የስብ ቅንጣቶች ተጠቅልለው እንደሆነ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ገንዘቡን በሚመለከት ግን ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ሰመሩን ሙሉ ሁለት ሥራ የሚሠራና ቤት የሚደጉም ልጅ ከአበሉ የበለጠ ሊያገኝ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍያ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል ለዚያ የሚሆን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግብር ሳይቆረጥ ስለሚከፈልም ለሚቀጥለው ዓመት ግብር የተወሰነ ማስቀመጥ ይገባል። ችግር ካለባችሁ የፕሮግራሙን አስተባባሪ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክፍያውን ማስቀደም የሚችሉበት መንገድ ሊኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2025 በፌዴራል በጀት ላይ በደረሱ ለውጦች የተነሣ ቀድሞ ከዓመት ዓመት ይካሄዱ ከነበሩት የሰመር ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ተማሪ ሳይቀበሉ ቀርተዋል። ያ ዓመት የጎዳቸውን ልጆች አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ደርሷቸው በኋላ የተሰረዘባቸውም አሉ። ስለዚህ እዚህ የጠቀስኳቸው ቦታዎች በዘንድሮው ዓመት መቀበላቸውን እያንዳንዳቸውን ራሳችሁ አረጋግጡ፣ በአንድ ፕሮግራም ላይም ተስፋችሁን ሁሉ አትጣሉ፤ ስምንት ወይም አሥር ቦታ ማመልከት የተለመደ ነው፣ ጽሑፉ አንዴ በደንብ ከተሠራ ለሌላው ማስተካከል የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ተጠባባቂ ናችሁ የሚል መልስ ከደረሳችሁም እንደ እምቢታ አትቁጠሩት። በርካታ ቦታ የተመረጠ ተማሪ አንዱን ሲወስድ የቀሩት ይለቀቃሉ፣ ይህም ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይቀጥላል። አሁንም ፍላጎት እንዳላችሁ የሚገልጽ ሁለት መስመር ጻፉ፣ ስልካችሁን አታጥፉ፣ የማታውቁትን ቁጥርም አንሡ። የመኪና ማቆሚያው ልጅ ራሱ በሌላ አንድ ፕሮግራም ተጠባባቂ ሆኖ ነበር። ከእኛ ጋር ለመምጣት ሲወስን ያንን ቦታ እንደማይፈልገው በዚያው ቀን ጻፈላቸው፤ ለምን እንደቸኮለ ስጠይቀው፣ ከእሱ ቀጥሎ ስልኩን ይዞ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ነገረኝ።